ከድሬዳዋ ሐረር በእግር፦ ካርታ መያዝ ያስፈልጋል ወይ?

ጥያቄ፦ «አራት ጓደኛሞች ነን። በጥር ወር ከድሬዳዋ ተነሥተን፣ አስፋልቱን ትተን በእግር መንገድ ደንገጎን ወጥተን፣ በሐረማያ በኩል ሐረር ለመግባት አስበናል። ሦስት ቀን መድበናል። ይህ ከተሳካልን ለከርሞ ረዘም ያለ መንገድ እንሞክራለን። ከመካከላችን አንዱ አሜሪካ ሳለ የአፓላቺያንን መንገድ በከፊል ተጉዟል፤ ‹እዚያ ካርታ የሚይዝ ሰው አላየሁም፣ ስልክ ይበቃል› ይላል። የእኔ ልብ ግን አላመነም። የወረቀት ካርታ መያዝ አለብን?»

ምላሽ፦

ያዙ። ለዚህ መንገድ ሦስት ወረቀት ይበቃችኋል፤ ታጥፈው ሲደራረቡ ከተማሪ ደብተር አይወፍሩም። በዚህ ብተወው ግን ካርታውን ከቦርሳችሁ ግርጌ ቀብራችሁት ሐረር እንደምትገቡ ስለማውቅ ነገሩን ዘርዘር ላድርገው። ከሃያ ዓመት በላይ በቅየሳ ሥራ የኖርኩ የድሬዳዋ፣ የከዚራ ሰፈር ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ወጣቶችን አስከትዬ እነዚሁኑ ተራሮች እወጣለሁ።

ጓደኛችሁ አልዋሸም። የአፓላቺያን መንገድ ከጆርጂያ እስከ ሜን በ14 የአሜሪካ ግዛቶች ያልፋል፤ ርዝመቱ 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ሁሉ ርቀት በየዛፉና በየአለቱ ላይ የተቀባ ነጭ ምልክት ይመራል። ሁለት ነጭ ምልክት አንዱ ከአንዱ በላይ ሆኖ ከታየ መንገዱ ሊታጠፍ ነው፤ ምልክቱ ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ ወደ ውኃ ወይም ወደ መጠለያ የሚወስድ ቅርንጫፍ ነው። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ብዙ ተጓዥ ርቀትና የውኃ ቦታ የሚዘረዝር መመሪያ ወይም የስልክ መተግበሪያ ብቻ ይዞ ወራት ይጓዛል፤ አብዛኛውም በሰላም ይጨርሳል።

እኛም አፓላቺያን አለን፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው እንጂ። ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ሲቃረብ ከድሬዳዋ ተነሥቶ በእግሩ ቁልቢ ገብርኤል ለሚሳለም ሰው ካርታ ምን ይሠራለታል? ከፊቱ የሚሄደውን ሰው ጀርባ መከተል ነው። ስለቱን የተሸከመ አለ፣ ጧፍ የሚሸጥ አለ፣ ከመንገድ ዳር ሻይ የሚያፈላ አለ። በጨለማ እንኳ ድምፁን ተከትሎ ይደረሳል። ያው ሰው በየካቲት፣ በአንዱ ማክሰኞ፣ ከአስፋልቱ ወጥቶ ብቻውን ተዳፋቱ ላይ ቢቆም ግን የሚከተለው ጀርባ የለም።

ደግሞም ምልክት ያለው መንገድ የሚያገለግላችሁ በላዩ ላይ እስካላችሁ ድረስ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 አንዲት የ66 ዓመት አሜሪካዊት በዚያው በአፓላቺያን መንገድ፣ ሜን ውስጥ፣ ለመጸዳዳት ከመንገዱ ወጣ አለች። ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘች ሴት ናት። ስትመለስ መንገዱን አጣችው። ኔትወርክ ፍለጋ ከፍ ወዳለ ቦታ ወጥታ ለባለቤቷ መልእክት ለመላክ ደጋግማ ሞከረች፤ አልደረሰም። አስከሬኗ የተገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ከመንገዱ ሩቅ ባልሆነ ቦታ ነው። የጻፈችው ማስታወሻ ቢያንስ 26 ቀን በሕይወት እንደነበረች ያሳያል።

ላስፈራራችሁ አይደለም። ካርታ በዋናነት ለማን እንደሚያስፈልግ እንድታዩት ነው፤ ከመንገዱ ለወጣ ሰው ነው የሚያስፈልገው። ጅረቱ በየት በኩል እንዳለ፣ የመኪና መንገድ በስንት ሰዓት እንደሚደረስ፣ የትኛው ሸለቆ መውጫ እንዳለውና የትኛው ገደል ላይ እንደሚያበቃ የሚናገረው እርሱ ነው። ነጩ ምልክት ይህን አይናገርም። ስልካችሁ ላይ ያለችው ሰማያዊ ነጥብም የቆማችሁበትን ታሳያለች እንጂ ዙሪያውን በአንድ ዕይታ አታሳይም፤ መስኮቷ የመዳፍ ያህል ናት። አካባቢውን ለማየት ስታጠብቡት ዝርዝሩ ይጠፋል፣ ዝርዝሩን ለማየት ስታሰፉት አካባቢው ይጠፋል።

ወደ እኛ ተራሮች ልምጣ። እዚህ ያለው ችግር የመንገድ እጦት ሳይሆን የመንገድ ብዛት ነው። ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ በሚያወጣው ተዳፋት ላይ የእንጨት ተሸካሚዎች መንገድ አለ፣ የፍየል መንገድ አለ፣ ምንጭ ላይ የሚቀር አለ፣ ማሽላ እርከን ውስጥ ገብቶ ድንገት የሚሞት አለ። ሁሉም በእግር ብዛት የለሰለሰ ነው፣ ሁሉም መንገድ ይመስላል።

አንድ ጊዜ በግንቦት ሦስት ልጆች ይዤ ስወጣ አንዱ «ዛሬ እኔ ልምራ» አለ። ፈቀድኩለት። ስልኩን በመዳፉ ይዞ፣ በነጠብጣብ የተሠመረውን መስመር እየተከተለ ቀደመን። ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ተኩል ይሆናል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ነጠብጣቡ ወደ ግራ ታጥፎ በአንድ ቦይ ቁልቁል ወረደ፤ ልጁም ወረደ። እኔ ከላይ ቆሜ ወረቀቴን ገለጥኩ። ቦዩ ጥቂት ዝቅ እንዳለ፣ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት የከፍታ መስመሮች እርስ በርስ ተጣብቀው ቡናማ ጥላ መስለዋል። ይህ ማለት ገደል ነው። ሩቅ እንደማይሄድ ስለማውቅ ዝም አልኩ። ሃምሳ እርምጃ ያህል ወርዶ ቆመ፤ ከፊቱ አየር ብቻ ነው። መስመሩን ደግሞ ሊያይ ስልኩን ቢያነሣው ጠቁሯል፤ ሙቀት ስለበዛበት እስኪቀዘቅዝ አልሠራም ብሏል። ባትሪው ከግማሽ በላይ ነበረው፣ ኔትወርክም ነበር። በውኃ የረጠበ መሐረብ አጠገቡ ዘርግቶ፣ ስልኩን እንደ ታመመ ሕፃን ጥላ ሥር ሲያስታምም ሩብ ሰዓት አለፈ። እኔ በዚያ መሐል ብርቱካኔን ልጬ በላሁ።

እነዚያ ነጠብጣብ መስመሮች ከየት እንደመጡ ማወቅ ይጠቅማችኋል። ብዙዎቹ የስልክ ካርታዎች ኦፕን ስትሪት ማፕ ከሚባለው፣ በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩት ካርታ የሚቀዱ ናቸው። ብዙውን የገጠር መንገድ የሣለው ሰው በእግሩ ሄዶበት አይደለም፤ የሳተላይት ፎቶ ላይ ነጣ ያለ ክር አይቶ ነው። ክሩ የሰው መንገድ ሊሆን ይችላል፣ የጎርፍ ቦይም ሊሆን ይችላል፣ የማሳ ድንበርም ሊሆን ይችላል።

ይህን ስል ስልክ አትያዙ ማለቴ አይደለም፤ እኔም እይዛለሁ። እንዲያውም ብዙ ሰው የተሳሳተው ነገር ስላለ ላርመው፦ ጂፒኤስ ኔትወርክ አይፈልግም። ምልክቱን በቀጥታ ከሳተላይት ይቀበላል። ኔትወርክ የሚፈልገው የካርታውን ሥዕል ከኢንተርኔት ማምጣት ነው። ስለዚህ ማታውኑ ቤታችሁ ሆናችሁ የድሬዳዋንና የምሥራቅ ሐረርጌን ካርታ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ ኦርጋኒክ ማፕስም ሆነ ማፕስ ሚ ለዚህ ያገለግላሉ። መንገድ ላይ ስልኩን በበረራ ሁኔታ ላይ አድርጉት፤ ኔትወርክ ሲፈልግ የሚበላውን ባትሪ ታተርፋላችሁ። ስትፈልጉት ብቻ አውጡት፣ አይታችሁ መልሱት። ለአራት ሰው ሁለት ስልክ ይብራ፣ ሁለቱ ይረፉ።

አሁን ስለ ወረቀቱ። የምትፈልጉት መለኪያው 1፡50,000 የሆነውን ነው። አዲስ አበባ ካለው ከቀድሞው የካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ፣ ከዛሬው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ጠይቁ። በዚህ ካርታ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ የአውራ ጣታችሁ ስፋት ማለት ነው። 1፡250,000 የሆነውን ቢሰጧችሁ አመስግናችሁ መልሱ፤ እርሱ ለመኪና ጉዞ እንጂ ለእግር አይሆንም።

ቡናማዎቹ የከፍታ መስመሮች በየ20 ሜትሩ የተሠመሩ ናቸው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደንገጎ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ አርባ መስመር ትወጣላችሁ ማለት ነው። ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት አለ፦ ለእያንዳንዱ አምስት ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት። እስከ ደንገጎ ያለውን ሃያ ኪሎ ሜትር ብንለው አራት ሰዓት፣ ለሽቅቡ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ይህ ስኮትላንድ ላይ ነው። የድሬን ፀሐይና የጀርባ ሸክማችሁን ጨምሩበትና ሰባት ሰዓት ያዙ፤ ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ካልተነሣችሁ ዳገቱ ላይ ቀትር ይይዛችኋል። ስልኩ «አራት ሰዓት ተኩል» ቢላችሁ አትመኑት።

ለምን ሦስት ወረቀት እንዳልኩ ላስረዳ፤ ይህ የቀያሾች ወግ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ። እያንዳንዱ ወረቀት የዲግሪ ሩብ በዲግሪ ሩብ ይሸፍናል። ድሬዳዋ በአንዱ ወረቀት ላይ ናት፣ ሐረር በሰያፍ ማዶ ባለው ላይ፤ መንገዳችሁም ከሁለቱ መሐል ሦስተኛውን ይረግጣል። ይህ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ከምሥራቅ 42ኛው ዲግሪ መስመር በሐረማያ አካባቢ ያልፋል፤ እርሱ ደግሞ የካርታ መረብ፣ ማለትም ቦታን በሜትር የምንቆጥርበት የካሬ መስመር፣ ዞን 37 አልቆ ዞን 38 የሚጀምርበት ነው። ጠዋት ወደ ምሥራቅ የሚቆጠረው ቁጥራችሁ ወደ 829 ሺህ ሜትር ሲጠጋ ቆይቶ፣ መስመሩን እንደተሻገራችሁ ድንገት ወደ 170 ሺህ ይወርዳል። ስልኩ አልተበላሸም፣ እናንተም አልጠፋችሁም። ነገር ግን አንድ ሰው ቢጎዳና ቦታችሁን በስልክ ስትነግሩ የዞኑን ቁጥር ከዘለላችሁት፣ የሚፈልጋችሁ ሰው ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሊፈልጋችሁ ይችላል። ወይ ዞኑን ተናገሩ፣ ወይም ቦታውን በዲግሪ ስጡ።

ሌላም ረቂቅ ነገር አለ። የቆዩት የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የመነሻ ልክ፣ ማለትም የቦታ ቁጥር ሁሉ ከእርሱ ተነሥቶ በሚሰላበት መሠረት ነው፤ ስልካችሁ የሚጠቀመው ደብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባለውን ነው። ሁለቱ ለአንድ ቦታ የሚሰጡት የመረብ ቁጥር በ200 ሜትር ያህል ይለያያል። ሜዳ ላይ 200 ሜትር ምንም አይደለም። ደንገጎ ሥር ግን በሌላኛው ቦይ ውስጥ ያላችሁ መስሎ እንዲታያችሁ ይበቃል። የካርታውን ጠርዝ አንብቡና ስልኩን ከዚያው ጋር አስማሙት።

ወረቀቱ ያረጃል፤ ይህን የምክደው አይደለም። የሐረማያን ሐይቅ ታሪክ ታውቃላችሁ፤ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ውኃው ተመለሰ። ካርታው ግን ያን ሁሉ ጊዜ ሰማያዊ ነበር። አንድ እንግዳ ሐይቁ ዳር ድንኳን ተክዬ አድራለሁ ብሎ አሮጌ ካርታ ዘርግቶ ሲያሳየኝ ምን እንደምለው ግራ ገብቶኝ ነበር። ዕድሜውን ከወረቀቱ ሥር አንብቡ። ተራራ አይንቀሳቀስም፣ ውኃ፣ መንገድና መንደር ግን ይንቀሳቀሳሉ። በሰማያዊ የተቆራረጠ መስመር የተሣለ ወንዝ ከሆነ ደግሞ በጋ ላይ አሸዋ ነው፤ ክረምት ላይ ምን እንደሆነ የድሬዳዋ ሰው በ1998 ክረምት አይቶታል። የደቻቱ አሸዋ በአንድ ሌሊት ከሁለት መቶ በላይ ነፍስ ወሰደ። ዝናቡ የዘነበው በአብዛኛው ላይ ተራራው ላይ ነበር። ጥር ደረቅ ነው፤ ቢሆንም ድንኳናችሁን አሸዋ ላይ አትትከሉ።

ካርታ ላይ ከመስመሩ ይልቅ የማምነው ስሙን ነው ብላችሁ አትገረሙ። ኦሮምኛ የማትሰሙ ከሆነ ጥቂት ቃላት በጠርዙ ላይ ጻፉ። ቡርቃ ያለበት ቦታ ምንጭ ነው። ኤላ የውኃ ጉድጓድ ነው። መልካ ወንዝ መሻገሪያ፣ ለጋ ወንዝ፣ ሀራ ሐይቅ፣ ቱሉ ኮረብታ፣ ጋራ ተራራ ነው። ስሙን ያወጡት እዚያው የኖሩ፣ ከብታቸውን ያጠጡ ሰዎች ስለሆኑ ምንጩ ቢደርቅ እንኳ ውኃ የሚፈለግበትን አካባቢ ይጠቁማል። ለገሃርን ግን በዚህ ስሌት ወንዝ እንዳታደርጉት፤ እርሱ የባቡር ጣቢያ ማለት የሆነ የፈረንሳዮች ቃል ነው። ፈረንሳዮቹ በ1902 እ.ኤ.አ. ሐዲዳቸውን እዚህ ሜዳ ላይ ያደረሱት ይህን ዳገት ባቡር እንደማይወጣው አውቀው ነው። እናንተ ልትወጡት ነው።

ሰው መጠየቅስ? አዎ፣ ጠይቁ። በእኛ አገር ሰው የማይገኝበት ሰዓት ጥቂት ነው፤ ከአሜሪካው ጫካ የምንለየው በዚህ ነው። ግን አጠያየቁ ዕውቀት ይጠይቃል። «ይህ መንገድ ሐረማያ ያደርሳል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ «አዎ» ነው። ሰው እንግዳን «አይ» ብሎ ማሳፈር አይወድም፤ ደግሞም ሁሉም መንገድ መጨረሻው የሆነ ቦታ ያደርሳል። «ይህ መንገድ የት ያደርሳል?» በሉ። ከዚያ የሰማችሁትን ስም ካርታው ላይ ፈልጉ። ርቀት ስትጠይቁ «ቅርብ ነው» ትባላላችሁ። አንዲት እናት እንጨት እንደተሸከሙ በአገጫቸው ወደ ሽንተረሩ ጠቁመው «ቅርብ ነው ልጄ» ብለውኝ ሦስት ሰዓት ሄጃለሁ። አልዋሹኝም፤ ለእርሳቸው ቅርብ ነው። የጠየቅነው ሰው አቅጣጫውን ይነግረናል፣ ርቀቱን ካርታው ይነግረናል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ሌላ ሰው እንጠይቃለን።

ስም ብቻውን ሊያሳስት እንደሚችልም ሐረር ስትደርሱ ታዩታላችሁ። የጁገል፣ የሐረር ግንብ፣ ጥንታዊ በሮች አምስት ናቸው፣ ስማቸው ግን ከአስር ይበልጣል። ሐረሪው አስማዲን በሪ የሚለውን አማርኛ ተናጋሪው ሸዋ በር ይለዋል፤ ባድሮ በሪ ቡዳ በር ነው፤ አርጎብ በሪ ኤረር በር ነው። ሁለቱንም ስም ጻፉ።

አንድ ነገር ደግሞ መካሪ አላገኘሁበትምና እኔ ልምከራችሁ። ትልቅ ካርታ አደባባይ ላይ አትዘርጉ። መነጽርና ካርታ ይዞ ኮረብታ ላይ የቆመ ሰው የሚያስነሣውን ጥርጣሬ በሥራ ዘመኔ ደጋግሜ ቀምሼዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ተቀምጬ ስለ ከፍታ መስመር ሳስረዳ ውያለሁ። ከመነሣታችሁ በፊት የምታልፉባቸውን ወረዳዎች ስለ ጸጥታው ጠይቁ፣ መታወቂያ ያዙ፣ ማን እንደሆናችሁና የት እንደምትሄዱ የሚገልጽ ወረቀት ካገኛችሁ እሰየው። የወታደር ካምፕ ካያችሁ ካርታውም ስልኩም ኪስ ይግባ። ከመሸ በኋላ አትሂዱ፤ የዚህ አገር ሌሊት የጅብ ነው።

ኮምፓስ ትንሽ ይበቃል። በእኛ አካባቢ መርፌው ከእውነተኛው ሰሜን የሚያፈነግጠው በጣም ጥቂት ስለሆነ ለእግር ጉዞ እርሱት። የመጀመሪያው ቀን ላይ ግን ኮምፓስም አያስፈልጋችሁም፤ ድሬዳዋ ለቆመ ሰው ተራራው ደቡብ ነው፣ ሜዳው ሰሜን። ጥንቃቄው አናቱ ላይ ነው። የደንገጎ ሽንተረር የውኃ መለያ ነው፤ ከእርሱ ወደ ሰሜን የሚወርደው ወደ ድሬዳዋ ሜዳ ይሄዳል፣ ማዶው ግን ወደ ደቡብ፣ ወደ ዋቢ ሸበሌ ነው የሚያዘነብለው። ጭጋግ ውስጥ «ውኃው ወደሚወርድበት እንሂድ» ከማለታችሁ በፊት የትኛው ወገን ላይ እንዳላችሁ እወቁ። አየሩ ከጠራ ቁንዱዶ ከሐረር በስተሰሜን ምሥራቅ ጠረጴዛ መስሎ ይታያችኋል፣ ጋራ ሙለታ በምዕራብ በኩል፤ ሁለቱን ካገኛችሁ ካርታውን አዙራችሁ ከመሬቱ ጋር ማስተካከል የደቂቃ ሥራ ነው።

ካርታውን ከላይኛው ኪስ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጉት። ሁልጊዜ ያላችሁበት ቦታ ላይ አውራ ጣታችሁ ይረፍ። በየሰዓቱ አንድ ሰው በእርሳስ ነጥብ ያድርግና ሰዓቱን ይጻፍ፤ በየሰዓቱ ሰው ይቀያየር፣ አለዚያ አንዱ ሲያነብ ሦስቱ ይጎተታሉ። የመንገዳችሁን ግልባጭ ከእናንተ ጋር ለማይሄድ አንድ ሰው ተዉለት፤ ሐረር መግባት ያለባችሁን ሰዓትም ንገሩት።

ለአሜሪካው ተጓዥ ጓደኛችሁ የመጀመሪያውን ቀን ካርታ ስጡት፤ አርባውን መስመር እርሱ ይቁጠር። ሦስቱም ወረቀቶች እኔ ዘንድ ስላሉ ለግልባጭ እሰጣችኋለሁ። ስትመጡ ማስመሪያና የተቀረጸ እርሳስ ይዛችሁ ኑ፤ እስክሪብቶ ካርታዬ ላይ አላስነካም።